የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጻፉትን ትእዛዝ ዳግም ላለመጻፍ

ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ በተርሚናል ላይ ፈጥኖ ስለመሥራት የሚጠይቁት በርከት ስላሉ የዚህን ዕትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። የቁልፎችንና የትእዛዞችን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአለሁ። «ኮንትሮል-ኤ» ስል ኮንትሮልን እንደያዙ ኤን መንካት ማለቴ ነው፤ «ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ኢ» ስል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከለቀቁ በኋላ ኢን ለብቻው መጫን ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ሰርቨሮችን እቆጣጠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች እየገባሁ ረጃጅም ትእዛዞችን እጽፋለሁ። አንዲት ፊደል ስሳሳት የግራ ቀስቱን ይዤ እስኪደርስ እጠብቃለሁ፤ የቆየ ትእዛዝ ስፈልግ ደግሞ የላይ ቀስቱን ሠላሳ አርባ ጊዜ እመታለሁ። ባልደረቦቼ አቋራጭ ቁልፎችን እንድማር ይመክሩኛል፤ ያገኘሁት ዝርዝር ግን ከመቶ በላይ ስለሆነ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ዝርዝሩን ለጊዜው ያስቀምጡት። ጊዜዎን የሚበሉት ነገሮች በደብዳቤዎ ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በመስመሩ ውስጥ መመላለስ፣ ሌላው አንድ ጊዜ የጻፉትን ፈልጎ ማግኘት ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ከአሥር ጥቂት የሚያልፉ ቁልፎች ይበቃሉ፤ ጣት የሚለምደው በመደጋገም ስለሆነም በየሳምንቱ ሁለት ሁለቱን ብቻ ቢይዙ ይሻላል።

በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የሚያገኙት ሼል፣ ማለትም የሚጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ ባሽ ነው። ባሽን ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ነጻ ሶፍትዌር ለሚያዘጋጀው ግኑ ፕሮጀክት የጻፈው ሲሆን፣ የምንጽፈውን መስመር የሚቀበለውና የሚያርመው ክፍል ሪድላይን ይባላል። የሪድላይን ቁልፎች በአብዛኛው የተወሰዱት ኢማክስ ከተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። ሪድላይንን ሌሎች ፕሮግራሞችም ስለሚጠቀሙበት፣ ባሽ ላይ የለመዱት ቁልፍ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ የትእዛዝ መስኮት ውስጥም ሳይቀየር ያገለግልዎታል፤ ድካሙ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ አይውልም።

መመላለሱን ላስቀድም። ኮንትሮል-ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል-ኢ ወደ መጨረሻው ይወስዳል። አልት-ቢ አንድ ቃል ወደ ኋላ፣ አልት-ኤፍ አንድ ቃል ወደ ፊት ይሄዳል። ለማጥፋት ደግሞ ኮንትሮል-ደብሊው ከጠቋሚው በስተግራ ያለውን እስከ ክፍት ቦታው ድረስ ያነሣል፤ አልት-ባክስፔስ ግን ረጅም የፋይል አድራሻ ላይ ከሆኑ የመጨረሻውን ስም ብቻ ስለሚያነሣ፣ የተሳሳተው የአድራሻው ጫፍ ሲሆን የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ኮንትሮል-ኬ ከጠቋሚው እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ ኮንትሮል-ዩ ደግሞ ከጠቋሚው እስከ መጀመሪያው ያለውን ይቆርጣል።

ይቆርጣል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተቆረጠው ተይዞ ይቆያል። የሎግ ፋይል ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ለመቅዳት ሰባ ሰማንያ ፊደል የሚሆን ትእዛዝ ጽፈው ጨረሱ እንበል። ኢንተርን ሊጫኑ ሲሉ የመድረሻው ፎልደር መኖሩን እንዳላረጋገጡ ትዝ ይልዎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የጻፈውን ሁሉ አጥፍቶ፣ ፎልደሩን አይቶ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጽፋል። እርስዎ ግን ኮንትሮል-ዩን ይጫኑ፤ መስመሩ ባዶ ይሆናል። ፎልደሩን ይፈትሹ፣ ከሌለም ይፍጠሩት፤ በመካከሉ ሌላ ነገር እስካልቆረጡ ድረስ ኮንትሮል-ዋይን ሲጫኑ ያ ረጅም ትእዛዝ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ይመለሳል።

ከሁሉም አስቀድመው እንዲይዟቸው የምመክርዎት ግን ሁለት ሌሎች ቁልፎችን ነው። አንደኛው አልት-ነጥብ ሲሆን፣ ካለፈው ትእዛዝ የመጨረሻውን ቃል አምጥቶ ጠቋሚው ያለበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። በኤምኬዲር አንድ ፎልደር ከፈጠሩ በኋላ ወደ ውስጡ ለመግባት ሲዲ ብለው፣ ክፍት ቦታ ሰጥተው አልት-ነጥብን ሲጫኑ የፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ራሱ ይመጣል፤ ደጋግመው ሲጫኑት ከዚያ በፊት ወደነበሩት ትእዛዞች የመጨረሻ ቃል ይሻገራል። ሁለተኛው ኮንትሮል-አር ነው። ይህን ተጭነው ከትእዛዙ ውስጥ የሚያስታውሱትን ማንኛውንም ቁራጭ፣ ለምሳሌ የሰርቨሩን ስም ግማሽ ሲጽፉ፣ ያ ቁራጭ ያለበት የቅርብ ጊዜ ትእዛዝ ይወጣል። የሚፈልጉት እርሱ ካልሆነ ኮንትሮል-አርን ይድገሙት። ሲያገኙት ኢንተርን ከጫኑ ወዲያው ስለሚፈጸም፣ መለወጥ ያለበት ነገር ካለ በኮንትሮል-ኢ ለእርማት ያውጡት፤ ሐሳብዎን ከቀየሩ ደግሞ ኮንትሮል-ጂ ቀድሞ ወደነበሩበት ይመልስዎታል።

የላይ ቀስቱን መተው ከከበደዎትም ቀስቱን ራሱን ማሠልጠን ይቻላል። የሪድላይን ማስተካከያዎች የሚጻፉት በመነሻ ፎልደርዎ ውስጥ ባለው፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው ኢንፑትአርሲ በተባለው ፋይል ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ የላይ ቀስቱን «ሂስትሪ-ሰርች-ባክዋርድ» ከተባለው ተግባር ጋር ቢያስሩት፣ ኤስኤስኤች ብለው ጽፈው ቀስቱን ሲመቱ በኤስኤስኤች የጀመሩትን ትእዛዞች ብቻ እየመረጠ ያመጣልዎታል። አርባው ምት ወደ ሦስት አራት የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አንዳንድ ጊዜ ተርሚናሉ በድንገት ይደርቃል፤ ምንም ብጽፍ አይታይም፤ መስኮቱን ዘግቼ እንደገና እከፍታለሁ። ኮምፒውተሬ ታሟል ማለት ነው?
*ከድሬዳዋ*

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ ደኅና ነው፤ ሳያስቡት ኮንትሮል-ኤስን ነክተዋል፤ ምናልባትም በሌሎች ፕሮግራሞች ላይ ፋይል ማስቀመጫ ስለሆነ ጣትዎ ለምዶት ይሆናል። በቴሌታይፕ ዘመን ይህ ቁልፍ ለላኪው «ለጊዜው አትላክ» የሚል ምልክት ነበር፤ ባቡር በጣቢያ መግቢያ ላይ መስመሩ እስኪለቀቅለት ቀይ አይቶ እንደሚቆም ማለት ነው። መልቀቂያው ኮንትሮል-ኪው ነው። በቆመበት ጊዜ የጻፉት ሁሉ ተጠራቅሞ ስለሚቆይ፣ ሲለቁት በአንድ ጊዜ ሊፈጸም እንደሚችል አይርሱ። ምልክቱን ከነጭራሹ ለማስቀረት «ኤስቲቲዋይ» የተባለውን ትእዛዝ ሰረዝ እና «አይኤክስኦን» አስከትለው፣ በመነሻ ፎልደርዎ ባለውና ባሽ ሲነሣ በሚያነበው፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ይጻፉት፤ ያን ጊዜ ኮንትሮል-ኤስ ነጻ ስለሚወጣ ኮንትሮል-አር ያሳለፈዎትን ትእዛዝ ወደ ፊት ተመልሶ ለመፈለግ ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋብኝ በዚያ ቀን የጻፍኳቸው ትእዛዞች በሙሉ ከታሪኩ ውስጥ ይጠፋሉ። ኮንትሮል-አር ያለፈውን ሳምንት ያገኛል፤ የጠዋቱን ግን አያገኝም። መፍትሔ አለው?
*ከደቻቱ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ አለው። ባሽ በአንድ መስኮት ውስጥ የሚጻፉትን ትእዛዞች በማስታወሻው ይዞ ይቆይና ወደ ፋይል የሚገለብጣቸው መስኮቱ በወጉ ሲዘጋ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ በወጉ የሚዘጋ ነገር የለም። ስለዚህ በባሽአርሲ ፋይልዎ ውስጥ «ፕሮምፕት ኮማንድ» ለተባለው ተለዋዋጭ «ሂስትሪ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከኤ ጋር ይስጡት፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ትእዛዝ እንደተፈጸመ ወዲያው ወደ ፋይሉ ይገባል። «ሂስትአፔንድ» የተባለውንም አማራጭ ያብሩት፤ አለበለዚያ ብዙ መስኮት ከፍተው ሲሠሩ በመጨረሻ የሚዘጋው የሌሎቹን ሊደመስስ ይችላል።

መጠኑንም ያስፋፉት። ባሽ ካልተነገረው በቀር የሚይዘው 500 ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ኡቡንቱ በማስታወሻ 1000፣ በፋይል 2000 አድርጎ ያዘጋጀዋል። ሁለቱንም 50000 ቢያደርጓቸው በዲስክዎ ላይ የሚሰማ ክብደት የላቸውም። ትእዛዙ ሁሉ ሲቀመጥ ግን የይለፍ ቃል ያለበትም አብሮ እንደሚቀመጥ ያስቡ፤ «ሂስትኮንትሮል» ላይ «ኢግኖርስፔስ» ወይም «ኢግኖርቦዝ» ከተባለ በክፍት ቦታ የሚጀምር ትእዛዝ አይመዘገብም።

ከሩቅ ሰርቨር ጋር እየሠሩ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የጀመሩት ሥራ አብሮ እንዳይቆም ከፈለጉ በሰርቨሩ ላይ ቲመክስ የተባለውን፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራውን ይዞ የሚቆይ ፕሮግራም ከፍተው ይሥሩ። መብራቱ ሲመጣ ተመልሰው ገብተው «ቲመክስ አታች» ሲሉ ሁሉም በነበረበት ይጠብቅዎታል። የቲመክስ መጥሪያ ኮንትሮል-ቢ ነው፤ ስክሪን የተባለው የቆየው ፕሮግራም ግን ኮንትሮል-ኤን ስለሚወስድ፣ እዚያ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ለመሄድ ኮንትሮል-ኤ ካሉ በኋላ ኤን ለብቻው መጫን ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ በጽሕፈትና ኅትመት ሥራ እተዳደራለሁ። የደንበኞቻችን ፋይሎች የሚቀመጡት በአማርኛ ስም ነው። ስሙን ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ስቀይር አቋራጮቹ መሥራት ያቆማሉ፤ መመለሱን ስረሳ ደግሞ ትእዛዙ በፊደል ይጻፍና ሼሉ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ይለኛል። በቀን መቶ ጊዜ እየቀያየርኩ መሥራት ሰልችቶኛል።
*ከፈረስ መጋላ፣ ሐረር*

መልስ፦ ችግሩ የአማርኛ ተጠቃሚ ሁሉ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በኮምፒውተሩ የቆየ የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ትልቁ ኤ 65 ቁጥር ነው፤ ኮንትሮል ከዚያ ላይ 64 ይቀንስና 1 ቁጥርን ይልካል፤ ሼሉም 1ን ሲያይ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይሄዳል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሀ የተሰጠው ቁጥር 4608 ነው። በዚህ ላይ ኮንትሮል የሚቀንሰው ነገር የለም። አንዳንድ ተርሚናሎች ኮንትሮል ሲያዝ ወደ ላቲኑ ዞረው ይመለከታሉ፤ ሌሎቹ ግን ዝም ይላሉ።

እኔ የምመርጠው መንገድ ኪቦርዱን ከላቲን ላይ ሳያነሡ የአማርኛውን ስም ሼሉ ራሱ እንዲጽፈው ማድረግ ነው። በኢንፑትአርሲ ፋይል ውስጥ ታብን «ሜኑ-ኮምፕሊት» ከተባለው ተግባር ጋር ይሰሩት። ከዚያ ሲዲ ብለው፣ ክፍት ቦታ ሰጥተው ታብን ሲጫኑ የመጀመሪያው ፎልደር ስም ሙሉውን በፊደል ይጻፋል፤ ሲደግሙት ሁለተኛው፣ ሲደግሙት ሦስተኛው እየመጣ የሚፈልጉት ጋ ይደርሳሉ። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑና በስማቸው ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካለ ደግሞ ዓመቱን ማንኛውንም ፊደል በሚተኩ ሁለት ኮከቦች መካከል ጽፈው ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ኮከብን ይጫኑ፤ ኮከቦቹ ይነሡና የሚገጥሙት ፋይሎች ሙሉ ስም በቦታቸው ይሰፍራል። የአማርኛ ኪቦርዱ የሚያስፈልግዎት አዲስ ስም ሲያወጡ ብቻ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባክስፔስ ሲጫኑ ፊደሉ በአንድ ጊዜ ካልጠፋና መስመሩ ከተበላሸ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨሩ ሎኬል፣ ማለትም የቋንቋና የፊደል ማስተካከያው፣ ዩቲኤፍ-8 የተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አለመሆኑ ነው። አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ይህ ያልተነገረው ሼል አንዷን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። ሎኬሉን ሲያስተካክሉ ይቃናል።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ ቢሮ ስገባ እነዚያኑ ስድስት ትእዛዞች እጽፋለሁ፤ ዲስኩን አያለሁ፣ የሌሊቱን ባክአፕ መጠን አረጋግጣለሁ፣ አሮጌ ፋይሎችን አጠፋለሁ፣ አንድ አገልግሎትም አስነሣለሁ። አሊያስ፣ ፈንክሽንና ማክሮ የሚባሉት በምን ይለያያሉ? ስድስቱንም በአንድ ቁልፍ ማሰር ይቻላል? ቤት ውስጥ የምጠቀመው ማክ መሆኑንም ልግለጽ።
*ከከዚራ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ማሰሩ ይቻላል፤ ስድስቱን በአንድ ቁልፍ ማሰርን ግን አልመክርዎትም፤ ምክንያቱን ልዩነታቸውን ካስረዳሁ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሊያስ ለረጅም ትእዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም ነው። ስሙን ጽፈው ኢንተር ሲሉ ሼሉ በረጅሙ ይተካዋል፤ በመካከሉ የሚለዋወጥ ነገር ማስገባት ግን አይችልም። የሰርቨር ስም ወይም ቀን እየተቀያየረ በመካከል የሚገባ ከሆነ ፈንክሽን ይጻፉ። ሁለቱም የሚቀመጡት ባሽአርሲ ውስጥ ነው። ማክሮ ግን ከሁለቱም በባሕርዩ ይለያል፤ ስለ ትእዛዝ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በእርስዎ ምትክ ቁልፎችን ይመታል። ስለዚህም ማክሮ የጻፈው መስመር በሙሉ በዓይንዎ ፊት ይቀመጣል፤ ከመፈጸሙ በፊት ሊያነቡት፣ ሊያርሙት፣ ሊሰርዙት ይችላሉ። እኔ ማክሮን የምወደው ለዚህ ነው።

ለጊዜው የሚሆን ማክሮ መቅዳት ቀላል ነው። ከታሪኩ የሚያመጧቸው ብዙ ትእዛዞች በመጀመሪያቸው ላይ ሱዶ፣ ማለትም ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው ቃል፣ ጎድሏቸዋል እንበል። አንዱን አምጥተው ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም የግራ ቅንፍ ይጫኑ፤ መቅዳት ይጀምራል። ኮንትሮል-ኤ ብለው ወደ መጀመሪያው ይሂዱ፣ ሱዶ ብለው ክፍት ቦታ ይስጡ፣ ኮንትሮል-ኢ ብለው ወደ መጨረሻው ይመለሱ፤ ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም የቀኝ ቅንፍ ሲሉ ቅጂው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ትእዛዝ አምጥተው ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ኢ ሲጫኑ ሱዶ በቦታው ይገባል። ይህ ማክሮ ሼሉ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ዘወትር እንዲኖር ከፈለጉ በኢንፑትአርሲ ውስጥ የሚያስሩበትን ቁልፍ በድርብ ጥቅስ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም የሚመቱትን ቁልፎች በሌላ ድርብ ጥቅስ ውስጥ ይጻፉ። እኔ ይህንኑ ሱዶ በኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ደብሊው ላይ አስሬዋለሁ። ኤስን እና ጂን ያልመረጥኩት በአዳዲሶቹ የባሽ ዕትሞች ሌላ ሥራ ስላላቸው ነው፤ እርስዎም ቁልፍ ከመያዝዎ በፊት «ባይንድ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከትንሹ ፒ ጋር ቢጽፉ የሼሉ ተግባራት የያዟቸውን ቁልፎች ያሳይዎታል። ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ኮንትሮል-አር ሲሉ ሼሉን ሳይዘጉ እንደገና ያነበዋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የዳታቤዙን አገልግሎት አቁሞ የሚያስነሣ ማክሮ አዘጋጅቼ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ስል ኢንተርንም በመጨረሻው ላይ ጨምሬበት ነበር። ሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን ተከፍተው ነበር፤ አንዱ የመሞከሪያው ሰርቨር፣ ሌላው ሕዝቡ የሚገለገልበት። የድሬ ሙቀት ከበረታበት የከሰዓት ሰዓት ላይ ዓይኔን መሞከሪያው ላይ አድርጌ ቁልፉን መታሁ፤ ጠቋሚው የነበረው ግን በሌላኛው መስኮት ውስጥ ነበር። መስመሩ ለዓይን ሳይታይ ተፈጸመ። አገልግሎቱ እስኪመለስ በመስኮቱ ፊት የተሰለፉት ሰዎች ደረሰኛቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ፤ አንዲት እናት መንገድ እንዳላቸው ደጋግመው ሲናገሩ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚለውጥ፣ የሚያጠፋ ወይም የሚያቆም ማክሮ ላይ ኢንተር ጽፌ አላውቅም። ማክሮው ይጽፋል፤ ኢንተሩን የምጫነው መስመሩንና የሰርቨሩን ስም ካነበብኩ በኋላ እኔ ነኝ።

በዚህ መሠረት የእርስዎን ስድስት ትእዛዞች ለሁለት ይክፈሏቸው። ዲስኩንና ባክአፑን የሚያዩት ምንም ነገር ስለማይለውጡ በአንድ ፈንክሽን ይሰብስቧቸው፤ ስሙን ጽፈው ኢንተር ሲሉ ሁሉም በተከታታይ ይውጡ። ፋይል የሚያጠፋውንና አገልግሎት የሚያስነሣውን ግን ኢንተር በሌላቸው ሁለት ማክሮዎች ያድርጓቸው። የሚያጠፋው ትእዛዝ ውስጥ ኮከብ ካለ፣ ጠቋሚውን ከኮከቡ መጨረሻ ላይ አድርገው ለሐረሩ አንባቢ የጠቀስኩትን ኮንትሮል-ኤክስ፣ ከዚያም ኮከብ ይጠቀሙ፤ ሊጠፉ ያሉት ፋይሎች በየስማቸው ይዘረዘሩልዎታል፤ መጥፋት የሌለበትን እዚያው ያነሡታል። እርግጠኛ ካልሆኑ ደግሞ አልት-መሰላል፣ ማለትም የቁጥር ምልክቱ፣ ሙሉውን መስመር ወደ ማስታወሻነት ለውጦ ሳይፈጽም ታሪክ ውስጥ ያስቀምጥልዎታል፤ ሰው ጠይቀው ሲመለሱ በኮንትሮል-አር ያገኙታል። የይለፍ ቃል ግን በማክሮ ውስጥ በምንም ምክንያት አይጻፍ፤ ኢንፑትአርሲ ፋይሉን መክፈት የሚችል ሰው ሁሉ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው።

ስለ ማኩ፦ አፕል ካታሊና ከተባለው የማክ ሥርዓት ዕትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ ማክን የሚያቀርበው ከዚሽ ሼል ጋር ነው። ዚሽ የራሱ የመስመር ማረሚያ ስላለው ኢንፑትአርሲን አያነብም፤ ማክሮውን በዚሽአርሲ ፋይል ውስጥ «ባይንድኪ» በሚለው ትእዛዝ ከሰረዝና ከኤስ ጋር ይጻፉት። ኮንትሮል-ኤ፣ ኮንትሮል-ኢና ኮንትሮል-አር እንደ ባሽ ይሠራሉ፤ ኮንትሮል-ዩ ግን ጠቋሚው የትም ቢሆን መስመሩን በሙሉ ይቆርጣል። አልት የሚጠይቁት ቁልፎች እምቢ ካሉዎት በተርሚናሉ ማስተካከያ ውስጥ ኦፕሽን የተባለው ቁልፍ እንደ ሜታ እንዲቆጠር ምልክት ያድርጉ፤ እስከዚያው ኤስኬፕን ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ነጥብ ወይም ቢ ቢሉ ያንኑ ሥራ ይሠራል።